አባቴ፣ ልጄ፣ ባለቤቴና እኔ፦ አራታችንም በሳይክል የምንወጣበት ተራራ ጠቁሙኝ

የቀበናዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ቤታችን ቀበና ነው፣ ሥራዬ አራት ኪሎ። የሳይክል መስመሩ ከተሠራ ወዲህ እኛ ቤት ሳይክል የማይነዳ የለም። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ እየተመላለሰች ተለማምዳ፣ አሁን ደግሞ እጄን ለቅቄ ካልነዳሁ ትላለች። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ እንጦጦ ወጥቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ሥራ የሚመላለሱት በሳይክል ነበር፣ ዛሬ ግን ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔ ሜዳ ላይ ማንንም አላስቀድምም፤ ትንሽ ሽቅብ ሲሆን ግን ወርጄ የምገፋ ሰው ነኝ።

የምፈልገው አራታችንም አብረን ወጥተን፣ ምሳ አብረን በልተን፣ አንዱ ሳይሰለች ሌላው ሳይዝል አብረን መመለስ ነው። የከተማው አስፋልት በቃኝ። አደይ አበባው ሳይረግፍ ሜዳና ጫካ ማየት አምሮኛል። ባለቤቴ «ከእንጦጦ ሌላ ምን አለ?» ይላል። አባቴ ሱሉልታ ነው የሚሉት፤ እሳቸው የሚያውቁት ሱሉልታ ላም እንጂ መኪና የማይበዛበት ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ ሱባ ጫካ አለችኝ። ሄዳችሁ ያያችሁ ንገሩኝ። ሳይክሉን ጭነን ነው ወይስ እየነዳን? ጭቃውስ? ውሻውስ?

ጎሚስታው፦

እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሳይክል ስጠግን ነው፤ ሱቄም ካንቺ ሰፈር ሩቅ አይደለም። መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ይለኛል። ኪሎ ሜትር ምንም አይነግርሽም። ዋናው መመለሻው ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ልጁም ሽማግሌውም ጀግና ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት እንደሚሆን ትዝ የሚላቸው ታች ደርሰው ሻይ ሲያዙ ነው። ስለዚህ እኔ መንገድ የምመርጠው ከመካከላችሁ ደካማውን ሰው አስቤ ነው። እሱ በጣም በደከመበት ሰዓት ከፊቱ የሚጠብቀው ዳገት ከሆነ፣ ያ መንገድ ለናንተ አይሆንም፤ የፈለገ ቢያምር።

በዚህ ሚዛን ለናንተ የመጀመሪያው እንጦጦ ነው፣ ግን ባለቤትሽ እንደሚወጣው አይደለም። አራት ኪሎ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ይደርሳል። ስድስት ኪሎን፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፈሽ ሽሮ ሜዳ ስትደርሺ «ወጣሁት» ትያለሽ፤ ዋናው ዳገት ግን ገና እዚያ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በላይ ሚኒባሱም በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ባለቤትሽ በፔዳሉ ይውጣ፣ ደስ ይለዋል። እናንተ ሦስታችሁ ፖርቶ መጋላ ያለው ሚኒባስ በኮንትራት ይዛችሁ፣ ሳይክላችሁን ጭናችሁ ውጡ። የዚህ ጥቅሙ ድካም መቆጠብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ላይ ስትገናኙ እሱ ግማሽ ጉልበቱን ዳገቱ ላይ ጨርሷል፣ እናንተ ገና ትኩስ ናችሁ። ከዚያ በኋላ አብራችሁ መንዳት ትችላላችሁ። አለዚያ እሱ ፊት ፊት እየሄደ ቆሞ ሲጠብቃችሁ፣ ስትደርሱበት ደግሞ ሲነሳ ነው የምትውሉት። ይኼን ጸብ በየሳምንቱ ሱቄ ውስጥ እሰማዋለሁ።

ላይ እንደደረሳችሁ ቶሎ ሳይክል ላይ እንዳትወጡ። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ከፍታ ለምደናል ብለን እንኩራራለን፤ ዳገት ላይ ግን ሳንባ ልዩነቷን ያውቃታል። እንጦጦ ማርያም ጋ ቆዩ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፣ ቤተ መንግሥታቸውም አጠገቡ አለ። አባትሽ ለልጅሽ ታሪኩን ሲነግሯት የሁላችሁም ትንፋሽ ይረጋጋል። ከዚያ በጋራው አናት ወደ ራጉኤል በኩል፣ ወይም ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ግቡ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ለሳይክል ታስቦ የተሠራ መንገድ አለው። ሜዳ ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ወርደሽ ስትገፊ ከኋላሽ ጡሩምባ የሚያስጮህብሽ የለም። ባሕር ዛፉ መሐል ስትገቢ ሽታው ራሱ መድኃኒት ነው። ባለቤትሽ ካልጠገበ የጫካውን የእግር መንገድ እየዞረ ይምጣ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ያገኛችኋል።

መመለሻው ላይ ልብ በዪ። ቁልቁል ነው ብለሽ ልጅቷን ከላይ እስከ ቀበና በሳይክል እንዳትለቂያት። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሰው የሚወድቀው ፈጥኖ ብቻ አይደለም፣ ፍሬን ይዞ ይዞ እጁ ዝሎ ነው። ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ አህያ አለ፤ እነሱ ዞር ሊሉልሽ አይችሉም፣ አንቺ ነሽ የምትቆሚላቸው። ልጅቷና አባትሽ በመጡበት ሚኒባስ ይመለሱ።

ከመሄዳችሁ በፊት የሁሉንም ፍሬን እዪ። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጪው። በእጀታውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነ ሽቦው ላልቷል። ጎንበስ ብለሽ ቸርኬውን የምትይዘዋን የፍሬን ጎማ ተመልከቺ፤ ላይዋ ላይ ቦይ ቦይ የሆነ መስመር ካለ ገና ናት፣ መስመሩ ጠፍቶ ልሙጥ ከሆነች አልቃለች። ቸርኬው ዘይት ከነካው በሳሙና እጠቢው። የልጅሽ ጣት አጭር ነው፤ አብዛኛው ሳይክል እጀታው ሥር ትንሽ ብሎን አለችው፣ እሷን ስታጠብቂ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋላታል። ቁልቁለት ላይ የፊትና የኋላውን እኩል ትያዝ፣ ይዛ ትልቀቅ፣ ይዛ ትልቀቅ። ለረዥም ሰዓት ጨምቃ ከያዘችው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዙ ይቀንሳል።

የአዲሱ ገበያ ልጅ፦

የሱሉልታውን ነገር ለአባትሽ በዘዴ ንገሪያቸው። በእኛ ሰፈር በኩል አልፎ ወደ ጫንጮ የሚሄደው የጎጃም መንገድ ነው፤ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ከሲኖትራክ ጋር የሚሽቀዳደምበት። እዚያ አስፋልት ላይ ልጅና ሽማግሌ ይዞ ሳይክል? በፍጹም።

ግን ሱሉልታን ጨርሰሽ አትተያት። ሳይክሉን ጭነሽ ከተማዋን ካለፍሽ በኋላ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ሜዳው የሚገቡ ጥርጊያ መንገዶች አሉ፤ ሯጮቹ የሚለማመዱባቸው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ እንደዚያ የተዘረጋ ሜዳ ለከተማው ቅርብ የትም አታገኚም። ዳገት ለሚፈራ ሰው ገነት ነው። በዚያ ላይ ጎሚስታው ያለው የመመለሻ ነገር እዚያ አያስቸግርም፤ በፈለግሽበት ዞረሽ ወደ መኪናሽ ነው።

ችግሩ አፈሩ መረሬ ነው። ክረምቱን ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ መስከረም መጨረሻም ገና አይጠነክርም። መረሬ ጭቃ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማው አይዞርም፤ ሳይክሉን አንቺ ተሸክመሽው ነው የምትመለሺው። ጥቅምት ገባ ብሎ ብትሄዱ መሬቱ ደርቋል፣ አደዩ ግን ሄዷል። አንዱን ምረጪ።

ዝግባ፦

ሱባን ያለችሽ ጓደኛሽ ታውቃለች። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሰበታ በኩል ወጥተሽ አስፋልቱን ትተሽ በአፈር መንገድ ትገቢያለሽ። ጫካው ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እንጦጦ ላይ የምታዪው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሱባ ግን ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ስትዪ ኮሶው፣ ሁሉም የሀገር ዛፍ ነው። ጉሬዛ ከላይሽ ሲዘል ልጅሽ ሳይክሏን ጥላ ነው የምትቆመው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ድኩላም ታያላችሁ።

ለመንዳት ግን ቀላል አይደለም፣ ልንገርሽ። ወደ ውስጥ የሚገባው የመኪና መንገድ ሰፊ ነው፣ ጥላ ነው፣ ግን ሽቅብ ነው፤ ድንጋይም አለው። ከእሱ የሚገነጠሉት የእግር መንገዶች ላይ እርጥብ ቅጠልና ሥር አለ፣ ያ ለባለቤትሽ ዓይነት ሰው ነው። በጎሚስታው ሕግ ከሄድን ሱባ ያልፋል፤ ሽቅቡን መጀመሪያ ባለሽ ጉልበት ትወጪዋለሽ፣ ስትመለሺ መንገዱ ራሱ ይዞሽ ይወርዳል። አባትሽ የግድ ሳይክል ላይ መዋል አለባቸው ያለው ማነው? በእግራቸው ጫካው ውስጥ ቀስ እያሉ ይመላለሱ፤ አንቺም ስትገፊ ከእሳቸው ጋር እያወራሽ ትሄጃለሽ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ ያ የአፈር መንገድ ለመኪናችሁም አይመችም።

የቀበናዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጋሽ ጎሚስታ፣ የባለቤቴን ጠባይ ከየት አወቁት? መልስዎን ሳነብለት ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። አባቴ የሱባውን ነገር ሲሰሙ «እኔን በእግር? እናንተ በሳይክል?» ብለው አኮረፉ። የራሳቸው ሳይክል አላቸው፤ ማርሽ የሌለው የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ። እሱን ካልያዝኩ አልሄድም ብለዋል። ይሆናል? ጉልበታቸውስ?

ሌላ ጥያቄ፦ እንጦጦ ከተሳካ ለቀጣይ ሁለት ቀን አዳር ወንጪ እያሰብን ነው። እዚያ በሳይክል የሄደ አለ? ሴትም ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የምጠይቀው ሌላም ነገር አለኝ፤ ልብስ፣ ሽንት ቤት፣ የመንገድ ልጆች ምናምን።

ባለ ቀይዋ ሳይክል፦

እኔ ሄጃለሁ፣ ጠይቂኝ። ወንጪ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአምቦም በወሊሶም ይገባል። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ትልቅ ጎድጓዳ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ቆመሽ ቁልቁል ሐይቁን ታዪዋለሽ፣ ሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው። ተራራው 3,386 ሜትር ነው፣ ማለትም ከእንጦጦም ይበልጣል። ብርዱን አትናቂው። ማታ ጋቢ ያስፈልጋችኋል።

ሳይክሉን በተመለከተ ጎሚስታው ትክክል ነው፤ ወንጪ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ትወርጃለሽ፣ እየሳቅሽ። ዳገቱ የሚመጣው ምሳ ከበላሽ በኋላ ነው። ባለቤትሽ ወርዶ ይውጣ። እናንተ ከላይ በከንፈሩ በኩል ያለውን መንገድ ንዱ፤ እንሰቱና የገብሱ ማሳ መሐል፣ ሐይቁን በአንድ በኩል እያያችሁ። ወደ ሐይቁ መውረድ ካማራችሁ ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ። አባትሽን ፈረስ ላይ አውጪያቸው፤ ከፈረስ ላይ ሆኖ ማንም አያኮርፍም። ዋጋውን ከመውጣታቸው በፊት ተነጋገሪ፤ መሄጃና መመለሻ ብለሽ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ለሚኖር ሰው ወይም ለሹፌሮች ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ከከተማ አልወጣም።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄሽ። ሱሪ ልበሺ፣ ቀኝ እግሩን በላስቲክ እሰሪው፤ ሰንሰለት ያለበት ጎን ነው። ሻርፕሽን ከአንገትሽ አውርጂ ወይም ጃኬትሽ ውስጥ አስገቢ፣ ቁልቁለት ላይ ቸርኬ ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም። ሽንት ቤት እንጦጦ ፓርክ ውስጥ አለ፣ ሌላው ጋ ጫካ ነው፤ ሶፍትና መያዣ ፌስታል ያዢ፣ ጥለሽው አትምጪ። ልጆቹ «እንንዳት!» እያሉ ይከተሉሻል፤ ልጅሽን አስተዋውቂያቸው፣ አንዴ ሳይክሏን ከነኩላት በኋላ ጠባቂዎችሽ እነሱ ናቸው።

ውሻ ሲመጣ ፔዳል አትጨምሪ። ሮጦ ከሚበልጥሽ ነገር ጋር ምን ያሽቀዳድምሻል? ውረጂ፣ ሳይክሉን በአንቺና በእሱ መካከል አድርጊ፣ ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በዪ። የሀገራችን ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ይኼን ልጅሽን ቤት ውስጥ አለማምጃት፤ ደንግጣ መሮጥ የለባትም። እንጦጦ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጅብ አለ። ባለቤትሽ «ገና ሳይነጋ» ያልሽው ነገር እኔን አልተመቸኝም። ብርሃን ይውጣ።

ምግብ ብዙ አትሸከሚ። በሶ በጥብጠሽ በኮዳ ያዢ፣ ዳቦና ሙዝ ጨምሪ። ለረዥም ዳገት ከበሶ የሚሻል ነገር ገዝቼ አላውቅም።

ጎሚስታው፦

የአባትሽን ሳይክል አትንቂ። እንደዚያ ዓይነት ብረት ዛሬ አይሠራም። ማርሽ ስለሌለው ግን ለዳገት አይሆንም፣ ጉልበት የሚያሳምመውም እሱ ነው፤ ከባድ ፔዳል በዝግታ መርገጥ። እንጦጦ አናት ላይ ደልደል ባለው ይንዱት፣ ከፍ ሲል ወርደው ይግፉት። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ የዘንግ ፍሬን በብረት ቸርኬ ላይ ደረቅ ሲሆን እንጂ እርጥብ ሲሆን አይዝም። ዝናብ ከጣለ ያ ሳይክል የሚመለሰው ፖርቶ መጋላ ላይ ነው። ቢቆጡም።

ጉልበታቸውን በተመለከተ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ መሆኑን አሁኑኑ ሳላየው እነግርሻለሁ። የድሮ ሰው እግሩ መሬት እንዲነካ ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው። ግድግዳ አስደግፈሻቸው ይቀመጡ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛቸውን ያሳርፉበት። እግራቸው በዚያ ጊዜ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻውን ከፍ አድርጊ፣ ዳሌያቸው እስኪወዛወዝ ግን አይሁን። ሲነዱ በፊት እግራቸው ስለሚረግጡ ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ከዚያም ካመማቸው ሐኪም ይያቸው እንጂ እኔ ጋ አይምጡ።

ባለቤትሽ እንጦጦም ወንጪም አልበቃኝ ካለ ባሌ አለለት፤ እናንተን ትቶ ከጓደኞቹ ጋር። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ 4,000 ሜትር ይደርሳል፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ እያየ፣ ጅብራ መሐል ይንዳ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል። ግን እንደደረሰ በማግስቱ አይወጣም፤ ዲንሾ ወይም ጎባ ሰነባብቶ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ማለት እዚያ ከፍታ ላይ አያድንም፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ከጀመረው ወደ ታች መውረድ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሳይክሎቹን ሐሙስ አምጪልኝ፣ አርብ ይበዛብኛል። ካመራዳሪ፣ የውስጡን ጎማ ማለቴ ነው፣ ተጨማሪ ሁለት ያዙ፣ አንዱ ለልጅቷ መጠን ይሁን፤ ሰው ሁሌ የሚረሳው የትንሿን ነው። ፖምፓ የኔን እሰጥሻለሁ። ስትጭኑ ረዳቱ ገመዱን በቸርኬው አሳልፎ እንዳይጠፍረው፤ ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ጉድጓድ ሲመታችሁ ሬጂው ይጣመማል። ገመዱ ፍሬሙ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ሰንሰለት ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ፣ በየሳይክሉ መካከል ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ገብቶበት። የአባትሽን ከላይ አድርጉት፤ ከባድ ነው፣ ግን ከሥር ከሆነ ቀለሙ ተላጠ ብለው ቀኑን ሙሉ አይለቋችሁም።